ያላልኩትን አትመልሺልኝ

ሰው ሲናደድ እጁ ይንቀጠቀጣል። የእሷ እጅ ግን በተናደደች ቁጥር ይረጋል። ለዚህ ነው ያን ሐሙስ በጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ከአርባ ሰው በላይ ደም ስትቀዳ አንድም «ኧረ ቀስ!» ያለ በሽተኛ ያልነበረው።

የሥራ ባልደረባዋ ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳትል፣ «ዛሬስ መርፌው ራሱ ፈርቶሻል» አለቻት።

«መርፌ ምን ያስፈራዋል?»

«ፊትሽ።»

አልሳቀችም። ከእሑድ ጀምሮ በነጩ ጋዎን ኪስ ይዛው የምትዞረው ደብዳቤ ነበር ሳቋን የወሰደው። አራት ገጽ ነው። የጻፈላት የምትወደው ልጅ፣ የመንገድ ቀያሹ ነው። መቼም ሲናገር ቃል በማንኪያ ነው የሚሰጠው፤ ሲጽፍ ግን በባልዲ ይደፋዋል። ቅዳሜ ማለዳ ለሁለት ዓመት የመንገድ ሥራ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት «እሺ» ወይም «እምቢ» እንድትለው ይለምናታል። «እሺ» ካለችው በመጀመሪያው ፈቃዱ ተመልሶ ያገባታል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አንብባዋለች። ከጉሮሮዋ አልወርድ ያላት የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ነው፦

«ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ አባትሽ ነው። ይህ በደብዳቤ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ስንገናኝ እነግርሻለሁ።»

አልተገናኙም። ሰኞ ደወለ፤ አላነሳችም። ማክሰኞ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ በጓሮ በር ወጣች። ምን የሚነገር ነገር አለው? እናቱ የሰፈሩ ትልቁ ትምህርት ቤት ባለቤት ናት። የእሷ አባት ደግሞ የዚያው ትምህርት ቤት ዘበኛ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሯን ከፍቶ ዘግቷል። በየማለዳው የምታየውን ሰው «ማን ነው?» ብላ ልትጠይቅ አትችልም። እንግዲህ የጠየቀችው ምን እንደሆነ ለመገመት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ስለዚህ ገና እሑድ ማታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ማለች። «የዘበኛ ልጅ» የምትለዋን ቃል ከእናትየው አፍ ከሰማች፣ አበቃ። ቅዳሜ ይሄዳል፣ መልስ ሳይዝ ይሄዳል። አንዳንድ ሰው በፍቅሩ ይምላል፤ እሷ በአባቷ ክብር ነው የማለችው። እንዲህ መስሏት ነበር።

*

የሐሙሱ ውይይት የሚካሄደው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ነው። አርባ የፕላስቲክ ወንበር በክብ ይደረደራል፤ ጣሪያው ላይ ካሉት ሁለት መብራቶች አንዱ ብልጭ ድርግም እያለ ነው የሚበራው። ከሦስት ዓመት በፊት ሰባት ወጣቶች ሆነው ሲጀምሩት «ሥራ ፈቶች» ተብለው ነበር። አሁን ቆሻሻ የሚያነሳው መኪና ለምን ሳምንት እንደሚዘል፣ ሥራ ያላገኘ ልጅ ከአባቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት እንደሚከርም፣ አምሽታ የምትገባ ሴት በጎረቤት አፍ ምን እንደምትሆን፣ ሁሉም እዚያ ይነገራል።

የቤቱን ሕግ የጻፈችው እሷ ናት፤ የምታወያየውም እሷው ናት። አንድ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ፣ አወያይዋ ከሁሉ በፊት የሰማችውን መልሳ ትናገራለች። ተናጋሪው «ያልኩት እሱን ነው» ካላለ ወደ ፊት መሄድ የለም። የተረሳ ካለ ያስታውሳል። ከራሱ የጨመረ ግን፣ አወያይም ይሁን ሌላ፣ ከወንበሩ ተነስቶ ግድግዳ ተደግፎ ይሰማል። በሰሌዳው አናት ላይ በቀይ ተጽፏል፦ «የጎደለ ይሟላል፤ የጨመረ ይነሳል።» አንድ ጊዜ ከመሥራቾቹ አንዱን፣ የልብ ጓደኛዋን፣ የሰውን ንግግር ሲመልስ «በቁጣ» የምትል ቃል ጨምሯል ብላ አስነስታው ወር ሙሉ አኩርፏታል። «ዳኛ» የሚሏት ከዚያ ወዲህ ነው።

ጸሐፊው ቀያሹ ነው። ባለፈው ሐሙስ ግን ብዕሩን አስቀምጦ ተነሳና ሰሌዳው ላይ ካርታ ሣለ። ጉዳዩ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ወደ ጤና ጣቢያው የምታቋርጠው የእግር መንገድ ነበረች፤ በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ ነው የምታልፈው፣ የእሱ እናት ደግሞ ግድግዳ ልትሠራባት መሠረት አስቆፍራለች። መንገዷ ከተዘጋች እርጉዝ ሴት ሩብ ሰዓት ተጨማሪ ትዞራለች። ቀያሹ በሜትር ለክቶ፣ ግድግዳው ሁለት ሜትር ገባ ቢል ግቢውም እንደማይጎዳ፣ መንገዱም እንደሚተርፍ ለአርባ ሰው አሳየ። ቤቱ አጨበጨበለት። እሷም በኩራት አየችው። ያን ጊዜ ማንም ያላሰበው አንድ ነገር ነበር፦ ካርታውን ለእናቱ ሳያሳይ ነው ለሰፈሩ ያሳየው።

ዛሬ ወንበሮቹን እያስተካከለች ሳለ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ሸሚዙን ተኩሶታል፤ ዓይኑ ግን እንቅልፍ ያየ አይመስልም።

«አንድ ደቂቃ ስጪኝ።»

«ልንጀምር ነው።»

«ስለ ደብዳቤው…»

«አንብቤዋለሁ። ማንበብ እችላለሁ።»

«የጻፍኩት ሌላ፣ አንቺ ያነበብሽው ሌላ ሳይሆን አይቀርም።»

«ጸሐፊ ቦታውን ይያዝ» አለች ጮክ ብላ፣ ለቤቱ ሁሉ እንደሚናገር ሰው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እሷ ቀድማ ዓይኗን ሰበረች፤ አንድ ሰከንድ ብትቆይ ኖሮ ትሸነፍ ነበር፣ ይህንንም ስለምታውቅ ይበልጥ ተናደደች።

በሩ ተከፈተ፤ ቤቱ ብድግ አለ።

የገባችው እናቱ ናት። ሰፈሩ በሌለችበት «እትዬ ደወል» ይላታል፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱን ደወል ማንንም አላምንም ብላ በራሷ እጅ ነው የምትደውለው። ከተሰበሰበው ሰው ግማሹን ያስተማረችው እሷ ስለሆነች፣ ጺም ያወጡ ሰዎች ሳይቀሩ እንደ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ ቆሙ።

«ኧረ ተቀመጡ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ቤቱ ያለ እሱ ቀልድ ተከፍቶ አያውቅም። «ዛሬ ስም አይጠሩም።»

«አንተን ግን እጠራሃለሁ፤ የቤት ሥራ ያለብህ ይመስለኛል» አለችው፣ ተቀመጠችም። ተሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ከሰመ።

ከኋላዋ የአወያይዋ አባት ገባ። ከሥራ መልስ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። ወንበር ቢሰጡትም በር ተደግፎ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ ነው የሚሰማው፤ «እግሬ መቆም ለምዷል» ይላል። ልጁን ጠቀሳት። እሷ መልሳ አልጠቀሰችም። ዛሬ ባይመጣ ብላ ነበር።

*

ተራው እናትየዋ ጋ ሲደርስ አልተነሳችም። ቁጭ እንዳለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ ነው የጀመረችው።

«ስለ ግድግዳ ለመከራከር አልመጣሁም። እኔ የመጣሁት ስለ ልጄ ነው። ልጄ ከኔ ጋር እራት ይበላል። ሳህኑን ያነሳል፣ ደህና እደሪ ይላል፣ ይተኛል። ምን እንደሚያስብ የምሰማው ግን ዓርብ ጠዋት በር ላይ ነው፤ ልጆቻቸውን የሚያደርሱ ወላጆች ናቸው የሚነግሩኝ። ‹ልጅዎ ትናንት እንዲህ አለ፣ ግሩም ተናገረ።› እኔም ፈገግ እላለሁ። ግቢዬን በሜትር እንደለካው የነገረችኝ የአንደኛ ክፍል ተማሪ እናት ናት።»

ቀያሹ አንገቱን ደፍቶ ይጽፍ ነበር። ብዕሩ ቆመ።

«ሐሙስ ሐሙስ የኔ ልጅ አፍ አለው። የአፉ ቁልፍ ደግሞ አንቺ ዘንድ ነው» አለች፣ አሁን አወያይዋን በቀጥታ እያየቻት። «በመካከላችሁ ያለውን ነገርም ስምንት ወር ሙሉ ይህ ቤት ሁሉ ያውቅ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ልጄን ወሰደችብኝ ብል ማን ይፈርድብኛል? ጨረስኩ።»

ዓይን ሁሉ ወደ አወያይዋ ዞረ።

አወያይዋ ተነፈሰች። እጇ እንደ ድንጋይ ረግቷል። መመለስ ሥራዋ ነው፣ የሰማችውን ብቻ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ጀመረች። «እትዬ ያሉት፣ ልጃቸው እቤት እንደማያጫውታቸው፤ የሚያስበውን ከሰው እንደሚሰሙ፤ ግቢያቸውን እንደለካም ከሌላ እንደሰሙ። ሐሙስ እዚህ ሲናገር፣ እሳቸው ዘንድ ግን ዝም እንደሚል። በመካከላችን ያለውንም ሁሉም አውቆ እሳቸው መጨረሻ እንደሰሙ…» እዚህ ድረስ ልክ ነበረች። «…እና የዘበኛቸው ልጅ ልጃቸውን እንደወሰደችባቸው።»

ከአፏ ሲወጣ አልተሰማትም። የተሰማት ፀጉር አስተካካዩ ጫማውን ማየት ሲጀምር ነው።

እናትየዋ ቦርሳዋን ከጭኗ አንስታ መሬት ላይ አስቀመጠች። ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው።

«ያላልኩትን አትመልሺልኝ።»

«ምን… ምን ጨመርኩ?» አለች፣ እያወቀችው።

«ታውቂዋለሽ። ደግሜ አላነሳትም፤ የምትነካቸው ሰው እዚህ ቆመዋል። እኔ ይችን ቃል እዚህም እቤቴም ተናግሬ አላውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ‹ጋሼ› ነው ያልኳቸው።»

ማንም ወደ በሩ አልዞረም። ሁሉም አለመዞሩን እያየች ነበር እሷ። ከዚያ ራሷ ዞረች። አባቷ ቆቡን አጥልቆ ነበር። ቤት ውስጥ ቆብ ሲያጠልቅ አይታው አታውቅም።

አራት ቀን ሙሉ ያች ቃል ከሌላ ሰው አፍ እስክትወጣ ዘብ ቆማ ስትጠብቅ ነበር። ቃሏ ግን ሌላ ቤት ኖራ አታውቅም፤ የተቀመጠችው እሷው ውስጥ ነው።

ተነሳች። ማንም «ተነሽ» አላላትም። ወደ ግድግዳው ሄዳ ተደገፈች፤ ቅዝቃዜው በሸሚዟ አልፎ ጀርባዋን ነካት።

አወያይ ሲነሳ ወንበሩን የሚይዘው ጸሐፊው ነው። ቀያሹ ወረቀቱን አጥፎ ተነሳና ተቀመጠበት። ያንን ወንበር እንዲህ ፈርቶት አያውቅም።

«እማዬ፣ የሚጨመር አለሽ?» አለ፤ ድምፁ ሻክሯል።

«አለኝ። ልጄ ሲነግረኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት ‹ጋሼ ያውቃሉ ወይ?› ብዬ ነው። ‹አያውቁም፣ ገና አልነገረቻቸውም› አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በር ሲከፍቱልኝ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። ስለ ልጃቸው እሳቸው የማያውቁትን እኔ አውቄ፣ እንዴት ብዬ ‹እንደምን አደሩ› ልበላቸው? እኔን ያቃጠለኝ እሳቸውንም እንደሚያቃጥላቸው አውቃለሁ።»

እንግዲህ «ስለ አባትሽ ጠየቀችኝ» የተባለው ይህ ነበር። ግድግዳ ተደግፋ የቆመችው ልጅ ዓይኗን ጨፈነች። እናትየውን በልቧ ስትወቅሳት ከርማለች፤ ለአባቷ ትንፍሽ ያላለችው ግን እሷ ራሷ ናት። «ምን ብዬ?» እያለች፣ «ይጨነቃል» እያለች፣ «ሥራው ይበላሻል» እያለች ስምንት ወር አለፈ።

«መልስ መስጠት እፈልጋለሁ» አለች ከግድግዳው።

«የተነሳ ይሰማል እንጂ አይናገርም» አለ ያ አንድ ጊዜ ያስነሳችው ጓደኛዋ። ክፋት አልነበረበትም፤ ትንሽ ደስታ ግን ነበረበት።

«ሕጉማ ሕግ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «ግን እኔ ዛሬ ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት፤ እንዲሁ በባዶ ልሂድ?»

እናትየዋ እጇን አነሳች። «የተናገርኩት ለእሷ ነው። መልሴን ከግድግዳው ልጠብቅ?»

ቀያሹ ቤቱን ዞር ብሎ ቃኘ። ራሶች ተነቀነቁ። «ትናገር» አለ።

ከግድግዳው አልተላቀቀችም።

«ያች ቃል የእትዬ አይደለችም፣ የእኔ ናት። እሳቸው እንዲሏት ስጠብቅ ነበር። ካሏት ልጃቸውን ልተወው ምዬ ነበር። ሰው ሳይንቀኝ በፊት እኔ ራሴን ንቄ ጠበቅሁ፤ ከእኔም አልፌ አባቴን በሰው ፊት አዋረድኩ። ስምንት ወር የደበቅሁትም እኔ ነኝ።» ቆመች። የቀረውን ለመናገር ድፍረት ሳይሆን ድካም ነው የረዳት። «ልጅዎን እወደዋለሁ። ከወሰድኩብዎትም ሳላውቅ ነው። ለደብዳቤው መልሴ እሺ ነው። ጨረስኩ።»

አሁን መመለስ የእሱ ተራ ነው። ቃል በማንኪያ የሚሰጠው ሰው አርባ ሰው ፊት፣ እናቱ ፊት፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ።

«ተናጋሪዋ ያሉት…» ብሎ እንደ ቃለ ጉባኤ ጀመረ፤ ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። «ያለችው፣ ያች ቃል የእሷ እንደሆነች። እናቴ እስክትላት እንደጠበቀች። ካለቻት… ሊተዉኝ… ልትተወኝ ምላ እንደነበር። ራሷን እንደናቀች፣ አባቷን በሰው ፊት እንዳዋረደች። የደበቀችውም እሷ እንደሆነች።» ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ። ዝም አለ።

«የጎደለ ይሟላል!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እያሟላሁ ነው!» ብሎ ጮኸበት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሲጮህ የተሰማው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ። ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ለማስመሰል መሞከሩን ተወው። «እንደምትወጂኝ። ከእናቴም ወስደሽኝ ከሆነ ሳታውቂ እንደሆነ። መልስሽም እሺ እንደሆነ።»

ሌላ ነገር ሊናገር እንደፈለገ አየች። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አራት ገጽ ሙሉ ነገር እዚያ ቆሞ ነበር። ግን መጨመር አይፈቀድም። አልጨመረም። ያን ያህል የወደደችው ጊዜ የለም።

«ያልኩት እሱን ነው» አለች።

ቤቱ ፈነዳ። ጭብጨባው፣ ሳቁ፣ «እሰይ!» የሚለው ሁሉ አንድ ላይ። እሷ ግን ወደ በሩ ነበር የምታየው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የቆመበት ሰው የለም።

እናትየዋም አይታለች። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል ለእሷ ብቻ የሚሰማ አንድ ቃል ተናገረች። «ሂጂ።» ቀጥላ ለልጇ፣ «አንተ ደግሞ ና። ያንን ሁለት ሜትርህን አሁን ለኔ አሳየኝ» አለችው።

*

ፀሐይ እየገባች ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ በትምህርት ቤቱ ጥግ፣ ለግድግዳው በተቆፈረው መሠረትና በተከመረው ድንጋይ መካከል፣ በዚያችው በእግር መንገዷ ላይ ደረሰችበት። ወደ ቤት እየሄደ ነበር።

«አባዬ!»

አልቆመም፤ እርምጃውን ብቻ ቀነሰ። ጎኑ ሆና መራመድ ጀመረች።

«ሁሉም ያውቅ ነበር?» አላት።

«አዎ።»

«ፀጉር አስተካካዩም?»

«እሱም።»

«ባለፈው ሲላጨኝ አንድም ቃል አልወጣውም። ያ ሰውዬ ዝም ሲል የሆነ ነገር እንዳለ መጠርጠር ነበረብኝ።»

«አባዬ፣ ስለዚያች ቃል…»

«ተያት።»

«አልተዋትም።»

«ዘበኛ ነኝ፣ ልጄ። ሌላ ሰው ሲለኝ ሥራዬን ነው የሚጠራው፤ ‹አቤት› እላለሁ። በሥራዬ አፍሬ አላውቅም። አንቺ ስትያት ግን ስድብ መሆኗን ዛሬ አወቅሁ።»

ውሸት በአፏ ደርሶ ነበር። «እንደዚያ ማለቴ አይደለም» ልትል። ግን እንደዚያ ማለቷ ነበር፤ እሱም ያውቀዋል።

«አፍሬ ነበር» አለች። «ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ‹አባትሽ ምን ይሠራል?› ሲሉኝ ‹ትምህርት ቤት ነው የሚሠራው› እል ነበር። አስተማሪ ይመስላቸው ነበር፤ እኔም ዝም እላለሁ።»

አሁን ቆመ። ለረጅም ጊዜ የድንጋዩን ክምር አየ። እሷን ግን አላየም።

«ልጁን አውቀዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ትንሽ ሳለ እናቱ ስብሰባ ስታመሽ ከኔ ጋር በር ላይ ይጠብቅ ነበር። ግቢውን በእርምጃ እየለካ ‹ዛሬ ስንት ሆነ?› ይለኝ ነበር። መጥፎ ልጅ አይደለም።»

«ታዲያ… እሺ ማለትህ ነው? ቅዳሜ ጠዋት እኮ ነው የሚሄደው።»

«አትቸኩዪ፣ እባክሽ!» ድምፁ ተሰበረ። «አንቺ ስምንት ወር ነበረሽ። እኔ ከሰማሁ ሰዓትም አልሞላኝ። ያችን ቃልም የናንተንም ነገር አንድ ላይ ነው የሰማሁት፤ አንዱን ብቻ ቢሆን ዛሬውኑ እመልስልሽ ነበር። አንድ ሌሊት ስጪኝ።»

በሕይወቷ ማንንም አንድ ሌሊት ጠብቃ አታውቅም። «እሺ» አለች። ቅድም ካለችው እሺ ይህኛው ከበዳት።

መራመድ ቀጠለ። ክንዱን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ ዛሬ ይፈቀድላት እንደሆነ ስላላወቀች መለሰችው። ያ ቀኑን ሙሉ እንደ ድንጋይ የረጋ እጅ አሁን ይንቀጠቀጥ ነበር። ከኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ መስኮት፣ የሚወዳት ሰው ለእናቱ ሲናገር ድምፁ ይሰማል፤ ሳያቋርጥ እያወራ ነው። መስማቱ ደስ ሊያሰኛት ይገባ ነበር። አባቷ ነገ እምቢ ይለኛል ብላ አልነበረም የፈራችው። ሌሊቱን ሙሉ በጨለማ ተጋድሞ ያችን ቃል በእሷ ድምፅ ደጋግሞ እንዳይሰማት ነበር።